የበታች ሹመት ሲሸጥ፦ የሎርድ ማክልስፊልድ የሕይወት ታሪክ



ፍርድ ቤት ረግጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ ባለጉዳይ ዳኛው ፊት ከመቆሙ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። መዝገብ ከፋቹ፣ ቀጠሮ ሰጪው፣ ጽሑፍ ገልባጩ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ሁሉ በመንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። በኢትዮጵያም በዱሮው ዘመን አቤቱታ ያለው ሰው ከሹሙ ፊት ለመድረስ መጀመሪያ አጋፋሪውን ደጅ መጥናት ነበረበት። ሽማግሌዎቻችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ሲያነሡ፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ምሬት ነው።

ዛሬ የምንተርከው ግን ስለ ሩቅ አገር ሰው ነው። ከ300 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ከዳኞች ሁሉ በላይ የነበረ፣ በኋላም ሹመት በመሸጥ ተከሶ የወደቀ ሰው ነው። ስሙ ቶማስ ፓርከር ሲሆን፣ ታሪክ የሚያውቀው ሎርድ ማክልስፊልድ በሚለው የማዕረግ ስሙ ነው። ታሪኩን የመረጥነው ሰውየው ወንበዴ ስለነበረ አይደለም። እንዲያውም የተማረ፣ የተከበረ፣ በችሎታው የተመሰገነ ዳኛ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እዚያ ደረሰ? ዋጋውንስ ማን ከፈለው? ይህን ማወቁ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጠበቃው ልጅ

ቶማስ ፓርከር በ1666 በሐምሌ ወር፣ በእንግሊዝ አገር ስታፎርድሻየር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሊክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአገር ቤት ጠበቃ እንጂ ሰፊ ርስት ያለው መኮንን አልነበረም። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ካምብሪጅ ሄዶ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ። ሕግንም በለንደን ኢነር ቴምፕል በሚባለው የሕግ ሰዎች ማኅበር አጥንቶ በ1691 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ጃኔት የምትባል ሴት አገባ። በደርቢ አካባቢ በጥብቅና ሲሠራ ቆይቶ በ1705 የደርቢ ከተማ የፓርላማ እንደራሴው አድርጎ መረጠው።

ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማው በ1710 ነው። በዚያ ዓመት ሄንሪ ሳሸቨረል የተባለ ቄስ መንግሥትን የሚነካ ስብከት በመስበኩ በፓርላማ ተከሰሰ። በእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ የሚያቀርበው የታችኛው ምክር ቤት ሲሆን፣ ፍርዱን የሚሰጠው ደግሞ የመኳንንቱ ምክር ቤት ነበር። ከከሳሾቹ አንዱ ሆኖ የተመረጠው ፓርከር ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከ15 ዓመት በኋላ በዚሁ ዓይነት ችሎት እሱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማልና። ክርክሩ ገና ሳያልቅ የአገሩ ዋና ዳኛ ሰር ጆን ሆልት በሞት ተለየ፤ ፓርከርም በቦታው ተሾመ።

በዋና ዳኛነቱ ጥሩ ስም አተረፈ። በ1711 ያየው አንድ የዳቦ ጋጋሪ ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ ተማሪዎች ዘንድ ይነገራል። ጋጋሪው ዳቦ ቤቱን ለሌላ ሰው ለ5 ዓመት ሲያስተላልፍ፣ በዚያ ሰፈር ዳቦ ጋግሬ አልሸጥም፣ ብሸጥ 50 ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር። በኋላ ግን ሰው ሠርቶ እንዳይበላ የሚከለክል ውል አይጸናም ብሎ ተከራከረ። ፓርከር ጉዳዩን መርምሮ፣ ክልከላው በጊዜና በቦታ የተወሰነ፣ ምክንያቱም ተገቢ ከሆነ ውሉ ይጸናል ሲል ፈረደ። ይህ ፍርድ የእንግሊዝን ሕግ በሚከተሉ አገሮች ሁሉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል።

በ1714 ንግሥት አን ስትሞት አዲሱ ንጉሥ ጆርጅ 1ኛ ገና በጀርመን አገር ነበር። እስኪመጣ ድረስ አገሩን ከጠበቁት ሰዎች አንዱ ፓርከር ነበር፤ ንጉሡም ወደደው። በ1716 የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው፤ በ1718 ደግሞ ሎርድ ቻንስለር አድርጎ ሾመው። ይህ ሹመት በዚያ ዘመን በመንግሥቱ ውስጥ ከሕግ ሹመቶች ሁሉ የበላይ ነበር። ንጉሡ ከሹመቱ ጋር 14,000 ፓውንድ ስጦታ ጨመረለት። በ1721 የማክልስፊልድ ኧርል ተባለ። የአገር ቤት ጠበቃው ልጅ በሺርበርን መንደር ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ ገዝቶ የሚኖር ታላቅ መኮንን ሆነ።

ዕውቀትም ይወድ ነበር። ከ1712 ጀምሮ ታዋቂው አይዛክ ኒውተን ይመራው የነበረው የሳይንስ ማኅበር አባል ነበር። በግንቡም ዊልያም ጆንስ የተባለውን የሒሳብ ሊቅ አስቀምጦ ልጁን ያስተምርለት ነበር። የክበብን ዙሪያ ለማስላት ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚጽፉትን ፓይ የሚባለውን ምልክት በ1706 ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ የተጠቀመበት ይህ ሰው ነው።

የሹመት ገበያ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሎርድ ቻንስለሩ የሚመራው ፍርድ ቤት ቻንስሪ ይባል ነበር። በዚህ ፍርድ ቤት የሚታዩት ጉዳዮች በአብዛኛው የውርስ፣ የአደራ ገንዘብ፣ የሙት ልጆችና የአእምሮ ሕመምተኞች ንብረት ጉዳዮች ነበሩ። ይህ የሕግ ክፍል ለእኛም ለእስራኤል ነዋሪዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ ማንዳት ዘመን በ1922 የወጣው ድንጋጌ፣ የአገሩ ሕግ መልስ ባላገኘበት ቦታ ከቻንስሪ የመጣው ሕግ ጭምር እንዲሠራበት አዝዞ ነበር። እስራኤል ይህን ማሰሪያ በሕግ የቆረጠችው በ1980 ነው።

በቻንስሪ ከሎርድ ቻንስለሩ በታች ማስተር የሚባሉ 12 ያህል ሹሞች ነበሩ። ሥራቸው ሒሳብ መመርመር፣ ምስክር መስማት፣ ለቻንስለሩ ሪፖርት ማቅረብ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ክርክር ያለበት ገንዘብ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እነሱ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። አባቱ የሞተበት ልጅ እስኪያድግ፣ ወራሾች እስኪስማሙ፣ ገንዘቡ በማስተሩ እጅ ለዓመታት ይቆያል። የት እንዳስቀመጠው፣ ምን እንዳደረገበት የሚቆጣጠረው ሰው አልነበረም። ማስተሩ ገንዘቡን አበድሮ ወይም አክሲዮን ገዝቶበት ካተረፈ ትርፉ የራሱ ነው። የመንግሥት ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ኑሮው የቆመው ከባለጉዳዮች በሚሰበስበው ክፍያና በዚህ ትርፍ ላይ ነው።

ስለዚህ የማስተርነት ቦታ እንደ ርስት የሚፈለግ ቦታ ሆነ። የሚሾመው ደግሞ ሎርድ ቻንስለሩ ነው። አዲሱ ተሿሚ ለሿሚው እጅ መንሻ ያቀርባል፤ እጅ መንሻው ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ ዋጋ ሆነ።

ይህን ማክልስፊልድ አልጀመረውም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዳኞች በደመወዝ ብቻ አይኖሩም ነበር። በዱሮው የኢትዮጵያ ችሎትም ተሟጋቾች ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ሲሟገቱ ዳኛው ከውርርዱ ድርሻ ያገኝ እንደነበረ የሚያስታውስ ነገሩ አይጠፋውም። በእንግሊዝ የዋናው ዳኛ ትልቁ ጥቅም የበታች ጽሕፈት ቤቶችን የመስጠት መብቱ ነበር። በ1616 ገደማ በዓመት ወደ 4,000 ፓውንድ ያስገባ የነበረውን የዋና ጸሐፊነት ቦታ የንጉሡ ወዳጅ ቪልየርስ ስለፈለገው፣ ዋናው ዳኛ ኤድዋርድ ኮክ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጋጭቶበታል። ከፓርከር በፊት የነበረው ሆልትም ይህንኑ ቦታ ለገዛ ወንድሙ ሰጥቶ፣ በ1693 ከዙፋኑ ወገን በኩል ክርክር ሲነሣበት ረትቶ አጽንቶለታል። ሆልት በዘመኑ ሐቀኛ ዳኛ የሚባል ሰው ነበር።

ሕጉም ቢሆን ሁለት መልክ ነበረው። በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የወጣ ሕግ ፍርድን የሚነካ ማንኛውም ሹመት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ ዋና ዋናዎቹ ዳኞች ከክልከላው ውጭ እንዲሆኑ ተጽፏል። ሎርድ ቻንስለሩ ግን ከተፈቀደላቸው ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ ፓርከር ዋና ዳኛ ሳለ ሕግ የሚታገሠውን ነገር፣ ቻንስለር ሲሆን ሕግ ይከለክለዋል ማለት ነው። ልማዱ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነበር፤ ሰውም የሚሄደው በልማዱ ነበር።

ማክልስፊልድ የለየው የዋጋው መጠን ነው። በእሱ ዘመን አንዳንዱ ማስተር ለቦታው 1,500 ጊኒ ከፍሏል። ጊኒ የዚያን ዘመን የወርቅ ገንዘብ ሲሆን ከአንድ ፓውንድ ጥቂት ይበልጣል። በመጨረሻ ዋጋው 5,000 ጊኒ ደረሰ። የአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ከ20 ፓውንድ ብዙም በማይበልጥበት ጊዜ፣ ይህ የሠራተኛው የ250 ዓመት ላብ ነው። ፍራንሲስ ኤልድ የተባለው ማስተር 5,000 ጊኒውን ከፊሉን በወረቀት ገንዘብ፣ ከፊሉን በወርቅ አድርጎ በቅርጫት አስይዞ ወደ ቻንስለሩ ቤት አመጣ። ከጊዜ በኋላ ቅርጫቱ ባዶውን ተመለሰለት። ማርክ ተርስተን የተባለው ሌላው ደግሞ 5,000 ጊኒውን ያስረከበው ለቻንስለሩ ባለቤት ነው።

ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሲገኝ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህን ያህል ገንዘብ ማስተሮቹ ከየት አመጡት? መልሱ የታሪኩ ዋና ነገር ነው። ብዙዎቹ አዲስ ተሿሚዎች ከቀድሞው ማስተር የባለጉዳዮቹን ገንዘብ ሲረከቡ፣ የሹመታቸውን ዋጋ የከፈሉት ከዚያው ገንዘብ ላይ አንሥተው ነበር። ቻንስለሩ የሚቀበለው ወርቅ የሙት ልጆችና የመበለቶች አደራ ነበር ማለት ነው። ጎዶሎውን ተከታዩ ይሸፍነዋል እየተባለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፍ ነበር። ሁሉም ባለጉዳዮች በአንድ ቀን ገንዘባችንን ስጡን እስካላሉ ድረስ አይታወቅም።

በ1720 ያ ቀን ቀረበ። በዚያ ዓመት ሳውዝ ሲ የሚባለው ኩባንያ አክሲዮን የእንግሊዝን ሕዝብ አሳበደው። በዓመቱ መጀመሪያ 130 ፓውንድ አካባቢ የነበረው አክሲዮን በበጋ ወደ 1,000 ፓውንድ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከ200 በታች ወደቀ። የባለጉዳዮችን ገንዘብ በዚህ ገበያ ካስገቡት አንዱ ፍሊትውድ ዶርመር የተባለ ማስተር ነበር። ገንዘቡ ሲጠፋ ወደ ሆላንድ ሸሸ። የጎደለው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነበር።

ማክልስፊልድ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ነገሩን ለፓርላማ ገልጦ የሁሉንም ማስተሮች ሒሳብ ማስመርመር ነው። ሁለተኛው መሸፈን ነው። መመርመር ማለት ግን ቦታው በስንት እንደተሸጠ፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደተከፈለ ማውጣት ማለት ነበር። ስለዚህ ሸፈነው። ማስተሮቹ ለየራሳቸው 500 ፓውንድ እያዋጡ ጉድለቱን እንዲደፍኑ አደረገ፤ በአደባባይም ነገሩ ሰላም እንደሆነ አስመሰለ። በሌሎቹ ማስተሮች እጅ ያለውን ገንዘብ አስቆጥሮ በዋስትና ማስያዝ ሲችል ተወው። ከሱ ገንዘብ የተቀበለ አለቃ በበታቹ ላይ ለመቆጣት አፍ የለውም። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ሁሉ የበለጠ የሚቆጨን ይህ ቦታ ነው፤ በእነዚያ 4 ዓመታት ውስጥ ገንዘባቸውን የሚጠብቁት ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው ጉድለቱ እየሰፋ ሄደ።

ከሳሹ ሲከሰስ

በ1724 መጨረሻ ጩኸቱ ስለበዛ መንግሥት የማስተሮቹን ሒሳብ ማስመርመር ጀመረ። ጉድለቱም ወጣ። ማክልስፊልድ በጥር 1725 መጀመሪያ ሹመቱን ለቀቀ። በየካቲት የታችኛው ምክር ቤት እንዲከሰስ ወሰነ፤ 21 ክሶችም ቀረቡበት። የመንግሥቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፊሊፕ ዮርክ በወጣትነቱ ማክልስፊልድ ያሳደገው፣ ለዚያ ደረጃ ያበቃው ሰው ነበርና፣ ባለ ውለታዬን አልከስም ብሎ ከከሳሾቹ መካከል ወጣ። ዮርክ በኋላ ሎርድ ሃርድዊክ ተብሎ ራሱ ሎርድ ቻንስለር ሆኗል።

የፍርዱ ሂደት በግንቦት 1725 በመኳንንቱ ምክር ቤት 13 ቀን ያህል ፈጀ። ማስተሮቹ እየቀረቡ ስንት እንደከፈሉ፣ ለማን እንደሰጡ ተናገሩ። የቅርጫቱም ታሪክ ያኔ ተሰማ። ማክልስፊልድ በሕግ ሰው ብልሃት ተከራከረ። የተቀበልኩት ከእኔ በፊት የነበሩ ቻንስለሮች ሁሉ የተቀበሉትን ነው፤ የታወቀ የሹመቱ ጥቅም እንጂ ጉቦ አይደለም፤ ብቃት የሌለውን ሰውም አልሾምኩም የሚል ነበር የመከላከያው ሐሳብ። ከሳሾቹ በበኩላቸው ሹመት የገዛ ሰው የገዛውን መልሶ መሸጡ አይቀርም፤ የሚሸጠውም ለባለጉዳይ ነው ብለው መለሱ።

በድምፅ የተገኙት 93 መኳንንት በአንድ ቃል ጥፋተኛ ነው አሉት። የ30,000 ፓውንድ መቀጮ ተፈረደበት፤ እስኪከፍልም በለንደን ግንብ እንዲታሰር ታዘዘ። ገንዘቡን ሰብስቦ እስኪከፍል 6 ሳምንት ያህል ታሰረ። መቀጮው ገንዘባቸው ለጠፋባቸው ባለጉዳዮች መካሻ እንዲውል ተደረገ። ንጉሥ ጆርጅ ከግል ገንዘቡ ሊተካለት ቃል ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂቱን ብቻ ከፍሎ በ1727 ሞተ።

በዚያው በግንቦት ወር ጆናታን ዋይልድ የተባለ የታወቀ የሌቦች አለቃ በለንደን ተሰቅሏል። ለመሰቀል ያበቃው ክስ የተሰረቀ ዳንቴል አስመልሶ ሌባውን ሳያስይዝ 10 ጊኒ መቀበሉ ነበር። እሱም የስታፎርድሻየር ተወላጅ ስለነበር ሰዉ ሁለቱን የአንድ አገር ልጆች እያነጻጸረ ያወራ ነበር። 10 ጊኒ የተቀበለው አንገቱን ሰጠ፤ 5,000 የተቀበለው ግን ከፍሎ ወደ ግንቡ ተመለሰ።

ከውድቀት በኋላ

ማክልስፊልድ ከዚያ ወዲህ ወደ መንግሥት ሥራ አልተመለሰም። በሺርበርን ከመጻሕፍቱና ከሒሳብ ጓደኞቹ ጋር በጸጥታ ኖረ። በ1727 ኒውተን ሲቀበር ሬሳውን ካጀቡት መኳንንት አንዱ እሱ ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን 1732 በለንደን ሞተ፤ በሺርበርንም ተቀበረ። ልጁ ጆርጅ የአባቱን የዕውቀት ፍቅር ወርሶ የዚያው የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሰ። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትለውጥ፣ ከመስከረም 2 ቀጥሎ መስከረም 14 እንዲሆን ያደረገውን ሕግ ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበር።

የአባትየው ውድቀት ያመጣው ለውጥ ደግሞ ይህ ነው። ወዲያው በወጣ ሕግ የባለጉዳዮች ገንዘብ ከማስተሮቹ እጅ ወጥቶ በእንግሊዝ ባንክ እንዲቀመጥ፣ ሒሳቡንም የሚይዝ ራሱን የቻለ ዋና ሒሳብ ሹም እንዲሾም ተደረገ። ሒሳብ ሹሙ ብሩን አይነካም፤ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አይከፍልም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይይዛል። ከአንድ ሰው መቀጣት ይልቅ ድሆቹን የጠቀመው ይህ ነበር።

ልማዱ ግን በአንድ ቀን አልሞተም። የዋና ዳኞቹ መብት ሌላ 100 ዓመት ቆየ። የእነሱን የሹመት ሽያጭ የሚያስቀር ሕግ የወጣው በ1825 ነው፤ የማስተሮቹ ቦታም የተሻረው በ1852 ነው። የዋናው ዳኛ የሎርድ ኤለንበሮ ልጅ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ይዞት የነበረው የዋና ጸሐፊነት ቦታ በ1837 ሲቀር፣ እስከሞተበት እስከ 1871 ድረስ በየዓመቱ ከ7,000 ፓውንድ በላይ ካሳ ይከፈለው ነበር። ያንን ካሳ የከፈለው ሕዝቡ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ ሰዎች ሙስና የሚሠራው የተራበ ወይም ያልተማረ ሹም ነው ብለው ያስባሉ። ማክልስፊልድ ግን አልተራበም፤ ትምህርትም አላነሰውም። ዳቦ ጋጋሪውን በጥንቃቄ የዳኘው ሰው የሙት ልጆች ገንዘብ በቤቱ ሲያልፍ አላየውም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለነበር። በእኛም ዘንድ ሁሉም ያደርገዋል የሚባለው ነገር ስንቱን ጨዋ ሰው እንዳሳሳተ እናውቃለን።

በሥራችን ብዙ ጊዜ ከቤተሰቦች ጋር ወደ መሥሪያ ቤቶች እንሄዳለን። ወላጆች በመስኮቱ ፊት ለፊት ቆመው ስለ ገንዘባቸው መጠየቅን እንደ ድፍረት ሲያዩት ይሰማናል። ድፍረት አይደለም። የፍርድ ቤት ክፍያ፣ በዕብራይስጥ አግራ የምንለው፣ ወደ መንግሥት ካዝና እንጂ ወደ ዳኛው ወይም ወደ ጸሐፊው ኪስ አይገባም። ለከፈሉት ሁሉ ካባላ ይቀበሉ። መክፈል የማይችል ሰው ከአግራው ነጻ እንዲደረግ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ለአንድ ሽማግሌ ወይም ልጅ አፖትሮፖስ ሲሾም፣ ያ ሰው በያዘው ገንዘብ ላይ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሒሳቡን መጠየቅም ሰውየውን መጥላት ወይም ሌባ ማለት አይደለም።

በ1720 ከቻንስሪ ባለጉዳዮች መካከል ሒሳቡን ጠይቆ መልስ የማግኘት መብት ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጉድለቱ ለ4 ዓመት ተሸፍኖ ባልቆየ ነበር። ያ መብት ዛሬ በእጃችን አለ፤ እንጠቀምበት፤ ልጆቻችንንም እናስተምርበት።